የጡረታ አበል በነጻ ማስሊያ እንዴት ይታወቃል?

ጎጃም ውስጥ፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ ፈረስ ቤት ላይ አንድ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ አግኝታችሁ «ጡረታ ስትወጣ በወር ስንት ታገኛለህ?» ብትሉት፣ ብዙ ጊዜ መልሱ «ያው የሚሰጡኝን ነዋ» ነው። ደመወዙን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። የዕቁቡ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል። የገብሱንና የድንቹን ዋጋ ከገበያ ገበያ ይከታተላል። ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ወር ከወር የሚኖርበትን ገንዘብ ግን የጡረታ ደብዳቤው እጁ እስኪገባ ድረስ አያውቀውም። ይህ የሚያሳዝነኝ ስሌቱ ከባድ ስላልሆነ ነው። ቀመሩ በአዋጅ ተጽፏል፣ የሚፈልገው አራት ቁጥር ነው፣ ማስሊያውም ኪሳችን ባለው ስልክ ላይ በነጻ አለ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስሌቱ ያልቃል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኙት የጡረታ ማስሊያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ሰው ነው። መደመርና ማባዛት አይሳሳቱም። የኛን የጡረታ አዋጅ፣ የኛን የዘመን አቆጣጠርና የኛን ብር ግን አያውቁም። ስለዚህ ከተዘጋጀው ማስሊያ ይልቅ ባዶ ሠንጠረዥ ከፍቶ የራስን ማስሊያ መሥራት ይሻላል፤ ደግሞም ይቀልላል።

ከሕጉ እንጀምር። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 መልክ ያዘ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን የራሱ የጡረታ አዋጅ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አሁን የሚሠራባቸው በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 (ለመንግሥት ሠራተኞች) እና አዋጅ ቁጥር 1268 (ለግል ድርጅት ሠራተኞች) ናቸው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ለወታደርና ለፖሊስ የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የ7ቱና የ11ዱ ድምር የሆነው 18 በመቶ በእያንዳንዳችን ስም ተለይቶ የሚጠራቀም ሒሳብ አይደለም። ሁሉም ወደ ጋራ የጡረታ ፈንድ ይገባል። ለጡረተኛው የሚከፈለው የሚሰላውም ባዋጣው ብር ሳይሆን ባገለገለው ዘመንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዙ ነው። የአሜሪካ ማስሊያ ሲከፈት መጀመሪያ «እስካሁን ስንት አጠራቅመዋል?» ብሎ የሚጠይቀው፣ እዚያ ብዙው ሠራተኛ በስሙ የተከፈተ የጡረታ ሒሳብ ስላለው ነው። የደጋ ዳሞት መምህር ለዚያ ጥያቄ ዜሮ ብሎ ቢሞላ፣ ማስሊያው ለእርጅናው ምንም እንዳላዘጋጀ ይነግረዋል። እሱ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያዋጣ ኖሯል፤ መብቱ የተጻፈው በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ነው።

ቀመሩ ይህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው፣ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ለወታደርና ለፖሊስ 1.65። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ የሚያገኘው በየወሩ የሚከፈል አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። ጣሪያውን ለመንካት ሲቪል ሠራተኛ 42 ዓመት ማገልገል አለበት። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ ስልሳ ያላቋረጠ ሰው ብቻ ነው እዚያ የሚደርሰው። በዲግሪ የሚቀጠር ሰው አይደርስበትም፤ ይህን ገና በጠዋቱ ማወቁ ይበጀዋል።

አሁን ስልኩን እናውጣ። ጉግል ሺትስ የሚባለው ሠንጠረዥ የጂሜይል አድራሻ ላለው ሁሉ ነጻ ነው። አዲስ ገጽ ስትከፍቱ ከላይ በግራ ያለው ሳጥን ኤ1 ነው። ከእሱ ጀምራችሁ ወደ ታች በአማርኛ ጻፉ፦ የተወለድኩበት ዓመት፣ የተቀጠርኩበት ዓመት፣ የምወጣበት ዓመት፣ የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን በቢ አምድ ሙሉ። ከሥር ባለው ሳጥን የእኩል ምልክት (=) አስቀድማችሁ የምትወጡበትን ዓመት ከያዘው ሳጥን የተቀጠራችሁበትን ቀንሱ፤ የአገልግሎት ዘመናችሁ ይመጣል። ቀጥሎ ባለው ከዚያ ላይ 10 ቀንሱና በ1.25 አባዙ፣ 30 ደምሩ። ይህ የአበላችሁ መቶኛ ነው። እሱን በአማካይ ደመወዙ አባዝታችሁ ለመቶ ስታካፍሉ የወር አበላችሁ ይወጣል።

በምሳሌ እንየው። በ1962 ዓ.ም. የተወለደ፣ በ1986 ዓ.ም. የተቀጠረ መምህር በ2022 ዓ.ም. 60 ይሞላዋል። አገልግሎቱ 36 ዓመት ነው። 26 በ1.25 ሲባዛ 32.5፣ ከ30 ጋር 62.5 በመቶ።

የምን 62.5 በመቶ? ልብ ማለት የሚገባው እዚህ ነው። ሰው ሁሉ በሐሳቡ የሚያባዛው በመጨረሻው ወር ደመወዙ ነው፤ ሕጉ የሚያባዛው ግን በሦስት ዓመቱ አማካይ ነው። ደመወዝ ለዓመታት ባለበት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ባልታወቀ ነበር። አሁን ግን ደመወዝ በዝላይ እየተስተካከለ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ዝላይ ከጡረታ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት መካከል ሲወድቅ አማካዩ ወደ ኋላ ይጎተታል። መምህራችን በመጀመሪያዎቹ 18 ወራት 14,000 ብር፣ በመጨረሻዎቹ 18 ወራት 20,000 ብር ቢያገኝ አማካዩ 17,000 ብር ነው። 62.5 በመቶው 10,625 ብር ይሆናል። በመጨረሻ ደመወዙ ያሰላ ሰው 12,500 ብር ሲጠብቅ ኖሮ በየወሩ 1,875 ብር ይጎድልበታል። ያንን ገንዘብ ተማምኖ ብድር የገባ ወይም ልጁን በክፍያ ኮሌጅ ያስገባ ሰው ምን ዓይነት ጭንቀት ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያዳግትም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ምክር አለኝ። 25 ዓመት አገልግሎ 55 ዓመት የሞላው ሰው በፈቃዱ ቀድሞ መውጣት ይችላል። ደመወዙ በቅርቡ የተሻሻለለት ሰው ግን መልቀቂያ ከመጻፉ በፊት ይህን ረድፍ ደጋግሞ ይየው። በሥራ ላይ በቆየ ቁጥር አሮጌው ዝቅተኛ ደመወዝ ከአማካዩ ወር በወር እየወጣ፣ በቦታው አዲሱ ይገባል። መምህራችን ዛሬ በ56 ዓመቱ ቢወጣ አገልግሎቱ 32 ዓመት፣ መቶኛውም 57.5 ነው። በመቶኛው የሚያጣው አምስት ነጥብ ብቻ ይመስላል፤ በአማካዩ የሚያጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። ጤናው እምቢ ያለው ሰው ይውጣ፣ ማንም አይፈርድበትም። ዋጋውን አውቆ ይውጣ ነው የምለው።

አንድ የሚያጽናና ነገርም ሠንጠረዡ ያሳያል። 20,000 ብር ደመወዝ እጅ የሚገባው ሙሉውን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ 4,950 ብር ለግብር፣ 1,400 ብር ለጡረታ ይቆረጣል፤ ሌላ ተቀናሽ ከሌለ እጅ የሚገባው 13,650 ብር ነው። ጡረታ ደግሞ ግብር የለበትም። ስለዚህ መወዳደር ያለበት 10,625 ከ20,000 ጋር ሳይሆን ከ13,650 ጋር ነው። ክፍተቱ በወር 3,025 ብር ነው። ብዙ ሰው ጡረታን እንደ ገደል የሚፈራው ይህን ንጽጽር ሳያደርግ ነው። 3,025 ብር መጠኑ የታወቀ ጉድጓድ ነው፣ እንዴት እንደሚሞላ ማሰብ ይቻላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ቀልድ የለውም። ባለፈው ክረምት ከደምበጫ ወደ ደጋው ወጥቼ ፈረስ ቤት አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር፤ እሳቸውም መምህር ናቸው። ቡና እየተቆላ ሳለ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እስቲ እየው ይኸን፤ ጡረታህ ካለፈ ቆየ ይለኛል።»

«ምን ብለው ሞሉት ጋሼ?»

«የተወለድኩበትን ነዋ፣ 1962።»

የውጭ ማስሊያ ነበር። 1962ን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል ብሎ ደምድሟል። ወደ 1970 ስንለውጠው ዕድሜያቸው ተስተካከለ። የባሰው ስህተት ግን ይህ አይደለም፤ ይህስ ያስታውቃል። የማያስታውቀው ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ስሌት ውስጥ ሲደባለቁ ነው። የምሳሌው መምህራችን የቅጥር ደብዳቤ 1986 ይላል፤ ስልኩ ደግሞ የመውጫውን ዓመት በፈረንጅ 2030 ያደርገዋል። 2030 ሲቀነስ 1986፣ 44 ዓመት አገልግሎት! መቶኛው 72.5 ደርሶ በጣሪያው 70 ላይ ይቆማል፤ አበሉም 11,900 ብር ሆኖ ይታያል። ሰውዬው በደስታ ያምነዋል፣ ምክንያቱም ስልክ ነው የነገረው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በራሳችሁ ሠንጠረዥ ላይ ሁሉንም ዓመት በዓመተ ምሕረት ጻፉ። ዓመት ከዓመት ሲቀነስ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር እስከሆኑ ድረስ ውጤቱ ትክክል ነው።

ቀጥሎ ከሁሉም ከባዱ ይመጣል፤ የብሩ አቅም። ጡረታ በየዓመቱ ከገበያው ጋር በራሱ አያድግም። መንግሥት ሲወስን ይሻሻላል፣ እስከዚያ ግን ባለበት ይቆያል። በሠንጠረዡ ላይ አዲስ ረድፍ ክፈቱና አበላችሁን በየዓመቱ ለ1.10 እያካፈላችሁ ውረዱ፤ ይህ በዓመት 10 በመቶ የዋጋ ንረት ማለት ነው። 10,625 ብር ከአምስት ዓመት በኋላ ዛሬ 6,600 ብር ገደማ የሚገዛውን ብቻ ይገዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ 4,100 ብር ገደማ የሚገዛውን። 10 በመቶ ደግሞ የተጋነነ ግምት አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የውጭዎቹ ማስሊያዎች ሳይነግሯችሁ የሚሞሉት 2 ወይም 3 በመቶ ነው። ያንን ቁጥር ሳትቀይሩ የሚያወጡላችሁን ውጤት አትመኑ። በቃል ለማስላት የምትፈልጉ 72ን ለዋጋ ንረቱ አካፍሉ፤ የብሩ አቅም በግማሽ የሚወርድበት ዓመት ነው። በ10 በመቶ ሰባት ዓመት፣ በ24 በመቶ ሦስት ዓመት።

የብሩ አቅም መውረድ ከሽማግሌው ይልቅ ወጣቱን ይነካል። ቡሬ ዛሬ የፋብሪካ ከተማ እየሆነች ነው፤ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁባት ናት። እዚያ አካባቢ በ24 ዓመቷ የተቀጠረች አንዲት ልጅ በወር 500 ብር ለመቆጠብ ወሰነች እንበል። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ኤፍ ቪ የሚባል ቀመር አለ፤ የወሩን የወለድ መጠን (የዓመቱን ለ12 አካፍላችሁ)፣ የወራቱን ብዛትና የወሩን ቁጠባ ትሰጡታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀመውን ያወጣላችኋል። ለ36 ዓመት 500 ብር በየወሩ፣ በ7 በመቶ፦ 971,800 ብር ገደማ። ከዚህ ውስጥ ያስቀመጠችው 216,000 ብር ብቻ ነው፣ ሌላው ወለድ ነው። ስልኩ ላይ ይህን ስታይ ልቧ ይሞላል።

አሁን ያንኑ ቁጥር በ10 በመቶ የዋጋ ንረት ወደ ዛሬ ዋጋ መልሱት። 31,400 ብር ገደማ ይሆናል። ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገንዘብ፣ ዛሬ በሠላሳ አንድ ሺህ ብር የሚገዛውን ብቻ ይገዛል። ስህተት አይደለም፤ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ካነሰ ገንዘቡ ቁጥሩ እየጨመረ አቅሙ ይቀንሳል። 1.07 ለ1.10 ሲካፈል በዓመት 2.7 በመቶ ገደማ ኪሣራ ነው። ይህን የምጽፈው ልጅቷ ቁጠባዋን እንድትተው አይደለም። ልጅ ቢታመም ወይም ሥራ ቢቋረጥ የምታወጣው ገንዘብ ባንክ ወይም ቴሌብር ሳንዱቅ ላይ መኖሩ ግድ ነው። ለሠላሳ ዓመት የሚቀመጠውን ግን እዚያ ብቻ መተው አደጋ እንዳለው ሠንጠረዡ በግልጽ ያሳያታል። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ የተሻለ ወለድ ሊያገኝ ይችላል፤ ከባንክ ባንክ ጠይቆ ማወዳደር ነው። አክሲዮን አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ትርፉም ኪሣራውም የባለቤቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚከራይ አንድ ክፍል ቤት አለ፣ በግ ማድለብ አለ። የትኛው እንደሚሻል ማስሊያው አይመርጥላትም። እኔ ብሆን ግን ከሁሉ በፊት የማደርገው ሌላ ነው፦ የጡረታ መዋጮዬ በትክክል መግባቱን አረጋግጣለሁ። እሷም 36 ዓመት ካገለገለች 62.5 በመቶ አበል አላት። አበሉ የሚሰላው በዚያን ጊዜ ደመወዝ ስለሆነ፣ ደመወዝ ከዋጋ ጋር እየተራመደ ከሄደ ከማንኛውም የባንክ ወለድ በላይ የሚጠብቃት እሱ ነው። ቀጣሪ 7ቱን ቆርጦ 11ዱን ጨምሮ ገቢ ማድረግ ሕግ ያስገድደዋል። የደመወዝ ወረቀት ላይ «ጡረታ» ተብሎ የተቆረጠው ለመግባቱ ማስረጃ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሁሉ በላይ ብዙ ቤት የማይሞላ አንድ ረድፍ አለ፤ «እኔ ብሞትስ?» የሚለው። ሕጉ ለተተኪዎች ያስባል። የትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 በመቶ ያገኛል፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ። የመምህራችን ባለቤት የራሷ ደመወዝ ከሌላት በወር 5,312 ብር ከ50 ሳንቲም ይዛ ትቀራለች ማለት ነው። ገጠር ከተሞቻችን ውስጥ ሚስት ከባል በዕድሜ የምታንስበት ቤት ብዙ ነው፤ ለዓመታት ብቻዋን በዚህ ገንዘብ ትኖራለች። ይህን ረድፍ ባልና ሚስት አብረው ቁጭ ብለው ይሙሉት። የጋብቻ ማስረጃው የት እንዳለ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት መውጣቱን፣ የባንኩ ሒሳብ በማን ስም እንደሆነ በዚያው ይነሣል። ሞትን መጥራት ይሆናል ብላችሁ አትተውት።

የደጋ ዳሞት አብዛኛው ሰው ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ለገበሬው ደብዳቤ የሚጽፍለት የጡረታ መሥሪያ ቤት የለም። መሬቱ፣ ከብቱ፣ ባሕር ዛፉና ልጆቹ ናቸው ጡረታው። ሠንጠረዡ ለእሱም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእሱ የሚሆነው ከዋጋ ንረት ጣጣ የጸዳ ነው፣ ምክንያቱም በብር ሳይሆን በኩንታል መሙላት ይቻላል። ሁለት ሽማግሌ ወላጆች ማረስ አቅቷቸው መሬቱን ለእኩል ሰጡ እንበል። መሬቱ በደህና ዓመት 24 ኩንታል ቢሰጥ 12ቱ የእነሱ ነው። ለሁለቱ ቀለብ 4 ኩንታል ብንመድብ 8 ይተርፋል። ከዚያ ላይ ጨው፣ ዘይት፣ ልብስ፣ የጤና መድን መዋጮ፣ ዕድር፣ ሰንበቴ ይወጣል። አሁን ቁጥሩን ወደ መጥፎ ዓመት ለውጡት፦ በረዶ ወይም ዋግ መትቶት 14 ኩንታል ብቻ ቢገኝ ድርሻቸው 7፣ ከቀለብ የሚተርፈው 3 ነው። ሁለት መጥፎ ዓመት ቢደራረብስ? ከእኩል አራሹ ጋር የማዳበሪያውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው በቃል ብቻ ከቀረስ? ልጆች ይህን ረድፍ አይተው ማን በየትኛው ወር ምን እንደሚልክ ቢነጋገሩ፣ ወላጆች ለመጠየቅ አይሳቀቁም።

ባሕር ዛፉም በዚሁ ገጽ ይገባል። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆርጦ ይሸጥና ገንዘቡ በሠርግና በተስካር ያልቃል። ማሳውን በሐሳብ አምስት ቦታ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ሰው፣ የተቆረጠው እያቆጠቆጠ ስድስተኛው ዓመት ላይ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዓመቶቹን ከላይ፣ አምስቱን ክፍሎች ከጎን ጽፎ የሚቆረጠውን ሳጥን በቀለም መሙላት ብቻ ነው። ማንበብ የማይችሉ አባትም ቢሆኑ ቀለሙን ያነብቡታል።

ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ላለው የጎጃም ልጅ ነገሩ ይገለበጣል። ለእሱ የውጭዎቹ ማስሊያዎች በልኩ የተሠሩ ናቸው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በራሱ ድረ ገጽ ላይ፣ ሰውየው እስካሁን በሠራው መሠረት የሚያገኘውን በነጻ ያሳየዋል። መብቱ የሚጸናው በጥቅሉ ወደ 10 ዓመት ገደማ ሲሠራ ነው፣ በፈረንጅ በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ደግሞ ሙሉው የሚከፈለው በ67 ዓመት ነው። አገር ገብቶ ለመኖር የሚያስብ ከሆነ ግን የዶላሩን ምንዛሪ በዛሬው ዋጋ ብቻ አያስላ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ሦስት የተለያየ ምንዛሪ ሞልቶ ሦስቱንም ይያቸው።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን ሠንጠረዡን ሠርታችሁ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን አብሩ፤ ከዚያ በኋላ መስመር ባይኖርም ይከፈታል፣ ያሰላል። ሠንጠረዥ የማይመቸው ሰው በስልኩ ካልኩሌተርና በደብተር ያንኑ ውጤት ያገኛል፤ የወለዱ ስሌት ብቻ ነው የሚያደክመው። ለዚህ ሁሉ ስማችሁን፣ የፋይዳ ቁጥራችሁን፣ የባንክ ሒሳባችሁን ማስገባት አያስፈልግም። «ጡረታዎን አስልተን እንላክልዎ» ብሎ የምሥጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ማንም ቢሆን ሌባ ነው። ቴሌግራም ላይም ይምጣ፣ በስልክ ይደውል፣ ዝጉበት።

ስሌቱ ሲያልቅ ሥራው ወደ ወረቀት ይዞራል፤ ሠንጠረዡ የሚያወጣው ግምት ነውና ወሳኙ የግል ማኅደራችሁ ነው። ማስሊያው ውስጥ የገቡትን ዓመታት ይዛችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ። ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠሩ በተመዘገበው ነው፤ በቃል የምታውቁት ሌላ ቢሆን እንኳ ማኅደሩ የሚለውን አሁኑኑ እዩት። ከወረዳ ወረዳ የተዛወረ መምህር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሄደ ሠራተኛ፣ የቀድሞው አገልግሎቱ ደብዳቤ ተያይዞ እንደሆነ ያረጋግጥ። አንድ የጎደለ ዓመት 1.25 በመቶ ነው፤ በመምህራችን አማካይ ደመወዝ በወር 212 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ዕድሜ ልክ። የጠፋ ደብዳቤ ፍለጋ ከፈረስ ቤት ፍኖተ ሰላም መመላለስ በ56 ዓመት ይሻላል፤ በ60 ዓመት፣ ደመወዝ ቆሞ አበል ሳይጀመር፣ እጅግ ይከብዳል። ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር ደግሞ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ መሥራት የለባችሁም። የአማካዩን ሳጥን ብቻ ለውጡ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ራሱ ይስተካከላል።